ጋቢናውን የተነጠቅኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥቅምት ነው። ሚኒባስ ውስጥ በገባሁ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ መቐለ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዳ ኢየሱስ ግቢ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ለምለም የደጉዓ ተምቤን ልጅ ናት፤ ሥራዋም ወረዳዋን ማስተዋወቅ ነው። ያን ቀን መቐለ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ለአስጎብኚዎች ገለጻ ልታደርግ ነበር። ካልወደዱት ወረዳው በጉዟቸው መስመር አይገባም፤ ልፋቷ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ጠዋት ጉንፋን ድምጿን ዘግቶት ተነሣች። በእጇ ምልክት "አንተ ተናገር" አለችኝ።

አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊቴ ከአስጎብኚዎቹ ጋር የወረዳው ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ የለምለም አባት አቦይ ሐጎስ ናቸው። ከተጋባን ቆይተናል፣ እሳቸው ዘንድ ግን አሁንም እንግዳ ነኝ። ወደ ወረዳው ከተማ ወደ ሀገረ ሰላም በሄድን ቁጥር "ጋቢና የእንግዳ ነው" ብለው ሰው አስነሥተው ከሹፌሩ ጎን ያስቀምጡኛል። ወጉ ክብር ነው፤ እኔን ግን ይከነክነኝ ነበር።

ከዐለት ስለተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ ስለ ዋሻዎቹ፣ ጠዋት ገደሉን ሞልቶ ስለሚተኛው ጉም ተናገርኩ። አስጎብኚዎቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። አንዲት ሴት እጇን አወጣች።

"ውበቱስ ይሁን፤ እንግዶቻችን መመለሻ መኪና ቢያጡስ?"

የደረሰብኝን አወራሁ።

"አንዴ የባለቤቴ እናት ሳትበላ አትሄድም አሉኝ። ሚኒባሱ ሞልቶ እኔን ይጠብቃል። ሹፌሩ ሊጠራኝ ገባ፤ እሱንም አስቀመጡት። ተሳፋሪዎቹ ሹፌሩን ሊጠሩ መጡ፤ እነሱም ተቀመጡ። በልተን፣ ማር ቀምሰን፣ ሁላችንም በሰላም መቐለ ገባን። እዚያ አገር መኪና ሰው ጥሎ አይሄድም።"

ሰዉ በሳቅ አውካካ። ሽማግሌዎቹ "ሓቂ እዩ፣ እውነቱን ነው" ይላሉ። ሴትዮዋም እንባዋን እየጠረገች "በቃ፣ መስመራችን ውስጥ ይገባል፤ መጀመሪያ ግን እኛን ውሰዱን" አለች። ለምለም ድምፅ ባይኖራትም እልል ልትል አፏን ከፈተች።

በሳምንቱ አስጎብኚዎቹን ይዘን ልንሄድ ሚኒባሱ ጋ ደረስን። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ጋቢናው አመራሁ። አቦይ ሐጎስ ክንዴን ያዙኝ።

"እንግዶቹ እነሱ ናቸው፤ አንተማ ወዲ ዓዲ፣ ያገር ልጅ ነህ። በል ወደ ኋላ ግባ።"

የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሁለት ጆንያ መሃል፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ዳገቱን ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጋቢና አይቼ አላውቅም። እግሬ ይደነዝዛል፤ ደስታዬ ግን ወደር የለውም።