ከመንገዱ የራቀው ጉድጓድ

እኔ መጻፍ አልለመድኩም። እጄ የለመደው የዶዘር ማርሽ ነው፤ እስክሪብቶ ስይዝ ያልበኛል። ግን ሰፈር ውስጥ «የገዛ ወንድሟን ሥራ ያስቀረች» እያሉ እህቴን ሲያሟት መስማት ሰለቸኝ። ወንድምየው እኔ ነኝና እኔው ልናገር።

እህቴ ታናሼ ናት። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ማዕድን ለሚያወጡ ድርጅቶች ፈቃድ ይሰጣል፤ የእሷ ድርሻ አፈሩ ነው። ድርጅቱ መሬቱን ከመቆፈሩ በፊት የላይኛውን አፈር፣ ያን ዘር የሚያበቅለውን፣ ገፎ ለብቻው ማስቀመጥ አለበት። ሥራው ሲያልቅ መሬቱን መልሶ ያለብሰዋል። አፈሩ የት የት ምን ያህል እንደሆነ የድርጅቱ ሰዎች አጥንተው፣ እንዴት እንደሚገፍፉት አቅደው ያመጡላታል። እሷ አንብባ ወይ ታሳልፋለች ወይ ትመልሳለች። ባልደረቦቿ «ጭቃ ሹም» ይሏታል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ አሁን ግን አለቃዋም ስብሰባ መሀል ሳያስበው ያመልጠዋል።

አባታችን የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ምሳ ስናደርስለት እኔ ሳህኑን አስቀምጬ ልሩጥ እላለሁ፤ እሷ አፋፉ ላይ በደረቷ ተኝታ ወደ ውስጥ ታያለች።

«አባዬ፣ ቀዩ የት ጋ ጀመረ?»

«ወገቤ ጋ» ይላል ከውስጥ። «አፈር ላይና ታች አለው ልጄ። ከደባለቅሽው ሁለቱንም አጣሽ።»

እኔም ሰምቼዋለሁ። በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ እንጂ።

ነገሩ የተፈጠረ ጊዜ እኔ ሥራ ፈትቼ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ሥር ማዕድን ሊያወጣ የመጣ ድርጅት «ፈቃዱ ይውጣ እንጂ ዶዘሩ ላይ የምትወጣው አንተ ነህ» ብሎኛል። ፋይሉ እህቴ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ቀድማ ለአለቃዋ ነገረችው። «ወንድሜ እዚያ ሥራ ይጠብቃል፤ ለሌላ ሰው ስጡት» አለች። «አፈር የሚያውቅ ሌላ ሰው ከየት ላምጣ?» ብሎ መለሰላት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እናታችን ቤት ተገናኘን። እህቴ ወረቀቶቿን ይዛ መጥታለች። እኔም ትንሽ ፈራ ተባ ብዬ «መቼ ነው የምትፈርሚው?» አልኳት።

ከወረቀቶቹ መሀል የቦታውን ካርታ አውጥታ ወደ እኔ አዞረችው። አጥኚዎቹ አፈሩን ለማየት የቆፈሯቸው ጉድጓዶች በቀይ ነጥብ ምልክት ተደርጎባቸዋል። «ነጥቦቹ ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ተከታትለዋል» አልኳት።

«ክሩ ምን መሰለህ፣ ጋሼ? መንገዱ ነው።»

ሰዎቹ መኪናቸው በደረሰበት ሁሉ ወርደው፣ እዚያው መንገዱ ዳር ቆፍረው፣ ተመልሰው ተሳፍረዋል። መንገዱ ሲጠረግ ግን የዳሩ አፈር አብሮ ተልጧል። ስለዚህ በሁሉም ጉድጓድ ጥቁሩ የላይኛው አፈር ስስ ሆኖ ተገኘ። እቅዱም ከዚያ ተነሥቶ መሬቱ በሙሉ አንድ ስንዝር ብቻ ይገፈፍ ይላል።

«ታዲያ ስንዝር ምን አለው?» አልኳት።

«ከመንገዱ በታች ረባዳው ላይ ከዚያ በላይ ከሆነስ? የተረፈው ከድንጋይ ጋር ይቀበራላ። ማን መልሶ ሊለቅመው ነው?»

እናታችን ከጓዳ ሰማችን። «አንቺ ልጅ፣ የወንድምሽን ጉሮሮ ልትዘጊ ነው?»

«እማዬ፣ ገና ቦታውን አላየሁትም። አይቼ ነው የምናገረው።»

«ክረምት ከገባ ሥራው ቀረ ማለት ነው» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እህቴ ካርታውን አጠፈች።

የቀረውን የነገረኝ የመሥሪያ ቤቷ ሾፌር ነው፤ ጎረቤታችን ነው።

«እህትህ ጤነኛ ናት?» አለኝ። «መሀል መንገድ ላይ 'እዚህ አቁም' ትለኛለች፤ ከዚያ ዶማና አካፋ ተሸክማ ቁልቁል። የድርጅቱ አጥኚ አዲስ ጫማ አድርጎ ከኋላዋ ይንሸራተታል። 'እመቤት፣ መኪና የሚደርስበት ይበቃል' ቢላት 'አፈሩ መኪና ይምጣ አይምጣ አያውቅም' አለችው።»

ረባዳው ላይ ራሷ መቆፈር ጀመረች። አጥኚው ቆሞ ሲያይ ቆየና ኮቱን አውልቆ ዶማውን ተቀበላት። ጉድጓዱ ከጉልበት በላይ ሆኖም ጥቁሩ አፈር አላለቀም። ሰውየው የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ «ሙቀቱ… መኪናውም…» አለና ሳይጨርሰው ተወው። እሷም ክፉ ቃል አልወጣትም። «ተነሥ፣ ተዳፋቱንም አብረን እንየው» አለችው።

እቅዱን መለሰችው። አለቃዋ «ጭቃ ሹም፣ ሰዎቹ ቸኩለዋል። እንደምንም እናሳልፈው» አላት።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ይሄ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም» አለችው። ከመንገዱ ርቀው እንደገና ይቆፍሩ፤ ስስ የሆነው እንደ ስስነቱ፣ ጥልቅ የሆነው እንደ ጥልቀቱ ይገፈፍ ብላ ጻፈች።

ክረምቱ ገባ። ሥራው ተላለፈ። እኔም አሸዋ ስጭን ከረምኩ፤ ወገቤ ወገብ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ከእህቴ ጋር ተኳረፍን ማለት ይቻላል። እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመችብኝ።

«ጋሼ፣ ብትቀየመኝ አይፈረድብህም። ግን ያው እቅድ እንደዚያው ተመልሶ ቢመጣ አሁንም እመልሰዋለሁ። ይህን እንድታውቀው ነው።»

«እሺ፣ አሳልፊኝ» አልኳት። ዞር አለችልኝ። ቂሙ ግን ከዚያ በኋላ አልከበደኝም፤ ለምን እንደሆነ እኔም በደንብ አላውቀውም።

ዝናቡ ሲያባራ አዲሱ ጥናት መጣ። ጉድጓዶቹ በዚህም በዚያም ተበትነዋል፤ ረባዳው ላይ አፈሩ ጥልቅ ነው ይላል። አሳለፈችው። እኔም ዶዘሩ ላይ ወጣሁ።

ሥራ ከጀመርን ጥቂት ሰንብቶ ለቁጥጥር መጣች። የደፉባት ቆብ እስከ ቅንድቧ ይወርዳል። እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ሰላም ልትለኝ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ወረድኩ። እሷ ግን የምታየው የከመርኩትን አፈር ነው።

«ከፍ ብሏል። ውስጡ ይታፈናል፣ ዘሩም ይሞታል። ዝቅ አድርገህ ዘርጋው።»

«አሁን ገና እኮ ነው የከመርኩት» አልኳት።

«ገና ሳለ ነው የሚቀለው፣ ጋሼ።»

ፎርማኑ በሳቅ ሞተ። «እህትህ አይደለችም እንዴ? ለምናት እንጂ!»

«ለምኛት አውቃለሁ» አልኩትና ዶዘሩ ላይ ወጥቼ ማርሽ አስገባሁ።