ኢያ ዶቱን የተንበረከኩበት ጠዋት

ኢባዳን፣ ሞኮላ ሰፈር ውስጥ ኢያ ዶቱንን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ሆድ የለውም። ኢያ ማለት እናት ነው። እዚህ ሴት ከወለደች በኋላ በገዛ ስሟ የሚጠራት የለም፤ የዶቱን እናት ብሎ ይገላግላታል። የእኔ ጸጉር ቤት ከእሳቸው ምግብ ቤት ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ሆዴን የሚሞሉትም ጆሮዬን የሚያቃጥሉትም እሳቸው ናቸው።

ምግብ ቤት ካልነው እንግዲህ ቆርቆሮ ጣሪያና ሁለት አግዳሚ ወንበር ነው። የደረቀ ቦዬ ዱቄት በትልቅ ድስት እየገነፉ አማላ ይሠራሉ፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ከቅጠል ወጥ ጋር ሲቀርብ ሰውን ዝም የሚያሰኝ ነው። ማማሰያውን ለማንም አይሰጡም። ወረፋቸውም እንደዚያው ነው። አንድ ጊዜ የቀበሌ ሹም ከነአጃቢው መጥቶ ፊት ሊገባ ሲል፣ ማማሰያውን ከድስቱ ሳያወጡ፣ «ወንድሜ፣ ሹመትህ ከኋላ ይሰለፍ፤ አንተም አብረኸው ቁም» አሉት። ሰው በሳቅ ሞተ። ሰውየውም ሄዶ ተሰለፈ፤ ምን ያድርግ፣ ርቦታል። ከላይ ካለው ጣቢያ የሚመጡት ፖሊሶችም ወረፋ ይዘው ነው የሚበሉት። መንገድ ላይ የጎረምሳ ስልክ ቀምተው ሲበረብሩ የሚውሉት ሰዎች እሳቸው ፊት «እሺ ማማ» እያሉ እንደ ተማሪ ይቀመጣሉ።

ልጃቸው ዶቱን ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ሚስት አለው፣ ቁጥብ ነው፤ ከሰው ጋር ከሚያወራው ይልቅ ከሞተር ጋር የሚያወራው ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው ነገሩ የመጣው።

መጀመሪያ መንግሥት፣ ሁሉም ሰው የመታወቂያ ቁጥሩን ከስልክ ቁጥሩ ጋር ያገናኝ አለ። አገር ሥራውን ጥሎ ፀሐይ ላይ ተሰለፈ። ጣታችንን ሰጠን፣ ፊታችንን ሰጠን፣ የቀረን ኩላሊት ነው። ዶቱንም ተሰልፎ ሰጠ። ከዚያ የስልክ ኩባንያው መስመሩን ቆረጠበት። ለምን ሲባል «ሲስተም ነው»። ይሄ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ አንድ ቀን ወንበሬ ላይ ቢቀመጥልኝ ምላጭ ምን እንደሆነ አሳየው ነበር። የኩባንያውን ስም ደግሞ አልጠራም፤ በነጻ ማስታወቂያ አልሠራላቸውም።

ዶቱን ሄዶ አዲስ ቁጥር ገዛ። አዲስ ያሉት ግን አዲስ አልነበረም። ሌላ ሰው ተጠቅሞበት የጣለውን ቁጥር ነው እንደ ሰልባጅ ሱሪ አጥበው የሸጡለት። የፊተኛው ባለቤት ደግሞ ባለፈው ዓመት ሰው አግቶ፣ በዚያው ቁጥር እየደወለ ማስለቀቂያ ሲጠይቅ የነበረ ወንበዴ ነው። ፖሊስ ቁጥሩ የማን ነው ብሎ ኩባንያውን ጠየቀ። ኩባንያው የዶቱንን ስም፣ ፎቶና ሰፈር ባንድ ቀን አቀረበለት። ልጁን ከፍሪጅ ሥር በእግሩ ጎትተው ነው ያወጡት። እኔ አይቻለሁ፤ እጁ ላይ ብሎን መፍቻ ነበር፣ መሣሪያ ይዟል ብለው እሱንም መዘገቡት።

ኢያ ዶቱን ምድጃውን አጥፍተው ሱቄ ገቡና «ተነስ፣ ኩባንያው ጋ እንሂድ፤ አንተ ትጮሃለህ፣ እኔ እናገራለሁ» አሉኝ። ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጥፍሯ ያምራል፣ ፈገግታዋ ያምራል።

«ልጄ ይሄን ቁጥር የገዛው ዘንድሮ ነው» አሏት። «መቼ እንደገዛው የሚል ወረቀት ብቻ ስጪኝ።»

«የደንበኛ መረጃ ምስጢር ነው ማማ። ደንበኛው ራሱ በአካል መምጣት አለበት።»

«ደንበኛው እስር ቤት ነው። ስሙን ለፖሊስ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ለፖሊስ መስጠት ግዴታችን ነው።»

«ለእናቱስ?»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየች። «አሁን ሲስተም የለም» አለች።

እኔ ድርሻዬን ተወጣሁ፣ ጮህኩ። ጥበቃው ደግሞ ድርሻውን ተወጣና አንገቴን ይዞ አስወጣኝ። ከዚያ ጣቢያ ሄድን። ለዚህ ጉዳይ ተብሎ ከዋና ከተማው ከአቡጃ የተላከ አንድ አዛዥ አለ፣ መነጽሩን ቤት ውስጥም የማያወልቅ። ኢያ ዶቱንን ቁጭ በሉ እንኳ አላላቸውም። «ቁጥሩን መቼ እንደገዛው ከኩባንያው ወረቀት አምጪ» አለ። አምጪ! እናቱን የሚያክሉ ሴት! እሳቸው ግን ቀና ብለው መነጽሩን ብቻ አዩት።

በማግስቱ ምሳ ላይ የፖሊሶቹ ሾፌር አኪንላቢ መጣ። ወረፋውን ጠብቆ አማላ ተቀበለ። ሳይነካው ተቀመጠ።

«ምን ሆነሃል? አመመህ?» አሉት ኢያ ዶቱን።

«ማማ፣ ነገ ጠዋት ወደ አቡጃ ሊወስዷቸው ነው። ዶቱንንም፣ በስልክ ቁጥር የተያዙትንም ሁሉ።» አንገቱን ደፋ። «የምነዳው እኔ ነኝ።»

ሰው አቡጃ ከተወሰደ በኋላ ምን እንደሚሆን ሞኮላ ውስጥ ለማንም መንገር አያሻም። ያለ ፍርድ ዓመት ተቀምጦ የወጣ አለ፤ ጭራሹኑ የት እንደደረሰ ያልታወቀም አለ። ጠበቃ ቢያቆሙ ፍርድ ቤት ነገ አይደርስ። ያለን ያቺ ጠዋት ብቻ ነበረች። ኢያ ዶቱን ሳህኑን ወደ አኪንላቢ ገፋ አድርገው «ብላ» አሉት። «መንገዱ ረጅም ነው።» ልጁ እንባው ወጡ ላይ ተንጠባጠበ።

ጠዋት አቧራው ገና ሳይነሳ ጣቢያው በር ላይ ደረስኩ። ኢያ ዶቱን ቀድመውኛል። የበዓል ልብሳቸውን ለብሰዋል። የራስ ጥምጥማቸውን ፈቱና ወገባቸው ላይ አሰሩት። ያንን ሽበት ያን ቀን ነው ያየሁት፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ራሳቸውን ገልጠው አይቼ አላውቅም። ከዚያ በሩ መሃል ላይ፣ መኪና በሚወጣበት አስፋልት ላይ ተንበረከኩ።

ይሄን ልንገራችሁና ነገሩን ታዩት። እኛ ዮሩባዎች ጋ የሚንበረከከው ታናሽ ነው። ሴት ልጅ ታላቋን ሰላም ስትል ትንበረከካለች፣ ወንድ መሬት ላይ በደረቱ ይተኛል። ታላቅ ለታናሽ አይንበረከክም። የወለደች ሴት ልጇ ለሚሆን ሰው ከተንበረከከችማ፣ ልመና እንዳይመስላችሁ። ምጥ ላይ በተንበረከከችበት ጉልበቷ ነው የመጣችው። ከዚያ በላይ መሐላ የለም፣ ከዚያ በላይ እርግማንም የለም። አንድም ቃል ሳይወጣት፣ ያንን ረግጦ ያለፈ ሰው ወላጁን የረገጠ ነው። ጉልበታቸው አስፋልቱን ሲነካ አጠገቤ የቆመው የታክሲ ሾፌር ሞተሩን አጠፋ። ከኋላው ያለውም አጠፋ። ሞኮላ፣ ያ ጡሩምባ የማያጣው ሞኮላ፣ ጸጥ አለ።

አዛዡ ወጣ። አየና ሳቀ። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። «ከትናንት ወዲያ በዓይኗ ልትበላኝ ነበር፣ ዛሬ ልመና ጀመረች።» ስልኩን አውጥቶ ቀረጻቸው። ከኋላው የቆሙት ፖሊሶች ግን አንዱም አልሳቀም። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ።

መኪናው መጣ። አኪንላቢ መሪው ላይ ነው፤ ኋላ፣ ሽቦው ውስጥ፣ ዶቱንና ሌሎቹ ታጭቀዋል። አኪንላቢ በሩ ላይ የተንበረከኩትን ሲያይ ፍሬኑን ረግጦ ወረደና ከነዩኒፎርሙ አስፋልቱ ላይ በደረቱ ተዘረጋ።

«ማማ፣ እርግማኑ ለእኔ አይሁን! እባክዎ ይነሱ! እኔ የታዘዝኩ ነኝ!»

«አልተቆጣሁህም ልጄ» አሉት። «የተንበረከክሁት ቦታ መንገድህ ላይ ሆነ እንጂ።»

አዛዡ «ተነስ አንተ!» ብሎ ጮኸ። አኪንላቢ ተነሳ፣ ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠና ግድግዳው ሥር ሄዶ ቆመ። ሌላው ፖሊስ ታዘዘ፤ ያን ጊዜውኑ ሆዱን ቆረጠው። ሦስተኛው መንጃ ፈቃዱ ማለፉ ትዝ አለው፤ ፖሊስ ስለ መንጃ ፈቃድ ሲጨነቅ ያየሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው። የጣቢያው ሳጅን ከአገሪቱ ምሥራቅ ነው፣ ዮሩባ አይደለም። «ጌታዬ፣ እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም» አለ፤ «ግን እኔንም የወለደችኝ ሴት ናት።» እሱም አልነዳም።

ይሄኔ ከገበያው ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ። በርበሬ ሻጯ መጣች፣ ጥምጥሟን ፈታች፣ ከኢያ ዶቱን ጎን ተንበረከከች። ጨርቅ ሻጮቹ መጡ። ምርኩዝ ይዘው በልጅ ልጅ የሚደገፉ አሮጊት መጡ፣ ምርኩዙን አስቀምጠው ቀስ እያሉ ወረዱ። ማንም አልጠራቸው፣ ማንም መፈክር አላሰማ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በሽበት ተሞላ። እግዜር ያሳያችሁ!

አዛዡ ቁልፉን ከመሬት አነሳና ራሱ ገባ። ሞተሩን አስነሳ። ጡሩምባውን ነፋ፣ ደገመ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ሽቦው ውስጥ ዶቱን «እማዬ፣ ተነሺ!» እያለ በግንባሩ ብረቱን ይመታል። መኪናው መጣ፣ መጣ፣ የሞተሩ ሙቀት የኢያ ዶቱንን ሽበት እስኪያነቃንቀው ድረስ መጣ። እሳቸው ዓይናቸውን ከአዛዡ ላይ አልነቀሉም። ጥላቻ ቢሆን ኖሮ ይችለው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ አብዶ ቤት የገባ ልጃቸውን እንደሚያዩ ሆነው ነው ያዩት። ሞተሩ ጠፋ። አዛዡ መነጽሩን አወለቀ፤ ለካ ገና ልጅ ነው፣ ከዶቱን አይበልጥም። ወረደና ፊታቸው ቆመ።

«ምን ይፈልጋሉ?» አላቸው። አንቺ መባሉ ቀርቷል።

«ሰዎቹ ወደዚያ አይሄዱም።»

ወደ ሽቦው ሄዶ ከፈተና «ዶቱን፣ ውረድ» አለ። ዶቱን ወርዶ እናቱ ፊት በግንባሩ ተደፋ። እሳቸው ራሱን ዳሰሱት፣ ግንባሩ ላይ የወጣውን ደም በጥምጥማቸው ጫፍ ጠረጉለት። እኔ ሄጄ ላነሳቸው ክንዳቸውን ያዝኩ፤ «ልቀቀኝ» አሉኝ።

«ልጅዎን ወስደዋል፤ እንግዲህ መንገዱን ይልቀቁ» አለ አዛዡ።

«ሰዎቹ ነው ያልኩህ። ውስጥ ያሉት ማን ወለዳቸው?»

አዛዡ ሳጅኑን አየው። ሳጅኑ የዋስ መዝገቡን ይዞ ወጣና በሩ ላይ ጠረጴዛ አስቀመጠ። እዚህ ጣቢያ ሁልጊዜ «ሴት ዋስ አትሆንም» ይባላል፤ ያን ቀን ግን ይህን የተናገረ አልነበረም። አንድ በአንድ ስም እየተጠራ ወረዱ። የበርበሬ ሻጯ የእህት ልጅ ወረደ። አስተማሪ ወረደ። መኪና አጣቢ ወረደ። ዘመድ እየወጣ ይፈርማል፣ እያለቀሰ ይሄዳል። ሴቶቹ ከተንበረከኩበት አልተነሱም።

በመጨረሻ አንድ ሰውዬ ቀረ። ከሰሜን ነው፣ በጋሪ ውኃ እየገፋ የሚሸጥ ዓይነት፣ እግሩ በአቧራ የነጣ። ቋንቋችንን አጥርቶ አይሰማም። ወርዶ ቆመና ሰዉን በዓይኑ ዳሰሰ፤ ለእሱ የመጣ ሰው እንደሌለ ያውቃል፣ ግን ፈለገ። አዛዡ፣ ሰውዬው ወደ መኪናው ይመለስ እንደሆነ ሳጅኑን በዓይኑ ጠየቀው።

«የዚህስ ዋስ ማን ነው?» አለ ሳጅኑ።

«እኔ ነኝ» አሉ ኢያ ዶቱን።

ሳጅኑ ብዕሩን አነሳ። «ምኑ ነዎት?»

«እናቱ።»

ሳጅኑ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «እናት» ብሎ ጻፈ። «ስሙስ?» አለ።

ኢያ ዶቱን በጉልበታቸው ወደ ሰውዬው ዞሩና እጁን ያዙት።

«ልጄ» አሉት፣ «ስምህ ማን ነው?»

«ቡካር» አለ።

«ቡካር ነው» አሉት ሳጅኑን፣ የቡካርን እጅ ተደግፈውም ተነሱ።