ትኩስ ደምና የእንቁላል አስኳል

ትናንት ጠዋት ከሮቤ ተነስቼ ጎባ ቄራ ሄድኩላችሁ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ጫፋቸው የተደፈነ ሁለት የፕላስቲክ ቱቦዎች ይዣለሁ፤ አንዱ እንዳለ ነው፣ ሌላው ውስጡ በስስ ስብ ተቀብቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ በኩላሊት እጥበት ነው የሚኖረው። ደሙ የማጠቢያ ማሽኑ ቱቦ ውስጥ እየጓጎለ መከራውን ያበላዋል። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ነው የማጠናው፤ ፕላስቲኩ በስብ ቢቀባ ደም ቶሎ አይረጋበትም ብዬ አንድ ሥራ ይዣለሁ። ለመሞከር ደሙ ከበሬው እንደወጣ ማግኘት አለብኝ።

አራጁን ሐጂን ሰላም ብዬ «ትንሽ ትኩስ ደም ይስጡኝ» አልኳቸው።

ቢላዋቸውን ይዘው ቀጥ አሉ። «አስተግፊሩላህ! ማል ባርባዴ? ምን ፈልገሽ ነው ልጄ?»

«ቱቦ ውስጥ ልጨምረው ነው... ቱቦውን በስብ ቀብቼዋለሁ።»

«የምን ስብ?»

«ከእንቁላል አስኳል ያወጣሁት...»

ወይኔ ጉዴ! እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ጠንቋይ እየሆንኩ ሄድኩ። ወዲያ ማዶ ቆዳ የሚገፍፈው ሰውዬ «እንቁላሉ የገብስማ ዶሮ ነው የቀይ?» ሲል ቄራው በሳቅ ፈረሰ።

ሐጂ ግን አልሳቁም። «ሂን ኬኑ! አልሰጥም! እዚህ የሚታረደው በቢስሚላህ ነው። ሂጂ ውጪ!»

«አልወጣም፣ ሐጂ! የማደርገውን እዚሁ እርስዎ ፊት አደርገዋለሁ። ክፉ ነገር ካዩብኝ ያኔ ያባሩኝ። ወንድሜ እየሞተብኝ እንቁላል አሳፍሮኝ አልመለስም!»

ከቆምኩበት ንቅንቅ አላልኩም። ሐጂ ወደ በሬው ተመለሱና በቢስሚላህ አረዱት። ቱቦዎቹን አስጠግቼ ሞላሁ... ማንም አልከለከለኝም።

ጠበቅን። ሁሉም ሥራውን ትቶ ከበበኝ። ያልተቀባውን ገለበጥኩት፤ ደሙ ተጣብቆ ቀረ። የተቀባውን ገለበጥኩት... ጥቂት ጓጉሏል፣ የቀረው ግን ዝርግፍ አለ። ስቡ ሠራ!

ቆዳ ገፋፊው አሁን አልቀለደም። ሐጂ እጃቸውን ታጥበው መጡና «የወንድምሽ ስም ማነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት። «ቅዳሜም እናርዳለን፤ ነይ። እንቁላሉን ግን ሰው ፊት አታውሪው» አሉኝ።

አልሰማ ብዬ ይኸው አወራሁት። ጎባ ላይ «ጠንቋይዋ» እየተባልኩ ነው አሉ... ይባል! የወንድሜ ደም ቱቦ ውስጥ መጓጎሉን እስኪተው ድረስ ገና እጠነቁላለሁ።