ከአረብ አገር ያስወጣኝ ጸሎት

ኢኮኖሚስት ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ነዳጅ ያላቸው አረብ አገሮች ነዳጁ ሲያልቅ በምን እንደሚኖሩ፣ ሠራተኞቻቸውስ ምን እንደሚሆኑ በማጥናት ነው። በቀደም ለስብሰባ ጆሃንስበርግ ሄጄ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ዳቬይተን በሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው የአክስቴ ልጅ እሁድ የሐበሻ ቸርች ይዞኝ ሄደ። ገና ስገባ እልልታው ቀለጠ። ለካ «ወንድሜ አረብ አገር ይሠራል» ብሎ የጸሎት ርዕስ አድርጎኝ፣ ሰዉም አሠሪ አልለቅ ያለኝ መስሎት ኖሯል!

አንዲት እናት አቀፉኝ። «ልጄ፣ እንዴት ለቀቁህ?»

«እማማ፣ እኔ እንኳ የማጠናው…»

«ረቡዕ ረቡዕ እየጾምን ስንለምንልህ ነበር።»

አይተውኝ ለማያውቁኝ ለእኔ! ማስረዳቱን ተውኩት። ፓስተሩ ማይኩን አቀበለኝና፣ «ወንድማችን፣ ፓስፖርትህንስ መለሱልህ?» አለኝ።

ከኪሴ አውጥቼ ከፍ አደረግኩት።