አክስቴ የጸለዩለት ቀለም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰቨን ሲስተርስ ሥጋ ገዝቼ ስመለስ እግሬ ወደ ወንዙ ወሰደኝ። ሚስቴ ቶሎ ና ብላኝ ነበር። ግን የለንደን የካቲት ፀሐይ ጥሩ እንግዳ ነው፤ አንዴ ከመጣ ሥጋው ይበላሽብኛል ተብሎ አይሸኝም። ወንዙ ዳር አንድ ትንሽ ጀልባ ታስሯል፤ ሞተሩ ከውኃው ወጥቶ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ከፕሮፔለሩ በታች እንደ ዓሣ ክንፍ የሚወርደው ብረት ቀለሙ ተልጦ አመዳም ሆኗል። ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎች ዞር እያሉ እስኪያዩኝ ድረስ ፊቱ ተገትሬ ቀረሁ። ከዚያች ክንፍ ጋር የቆየ ጉዳይ አለኝ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ወደዚህ አገር ያመጡኝ የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ናቸው። እናቴ ስትሞት እኔን ለእሳቸው ጥላኝ ሞተች ማለት ይቻላል፤ እሳቸው ደግሞ ልጅ አልወለዱም። ቀን የሆቴል ክፍል ያጸዳሉ፣ የቀረውን ጊዜ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው ይጸልያሉ። እንደ ብዙዎቹ የእምነት እህቶቻቸው፣ ከቦርሳቸው የማትለይ የተጸለየባት የወይራ ዘይት ነበረቻቸው። የቤቱን መቃን፣ ፓስፖርቱን፣ የታመመ ሰው ግንባር፣ ሁሉንም ይቀባሉ። ሆም ኦፊስ ለኢንተርቪው ስሄድ ጫማዬን ሳይቀር ቀብተውልኛል። የመኖሪያ ወረቀቱን አገኘሁ፤ እንግዲህ ማን ይከራከራቸዋል?

ሥራዬ ፓርክ ሮያል፣ ሳንድዊች ፋብሪካ ነበር። ቀኑን ሙሉ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቆመን ዳቦ ላይ ኪያር እንደረድራለን። ጣቶቼ ከሥራ በኋላ እንኳ አልታዘዝ ይሉኝ ነበር፤ ቤት ደርሼ ሽሮ ስጠቀልል እንጀራው ከእጄ ይወድቃል። ያደግኩት ሐዋሳ ነው፤ አጎቴ ሐይቁ ላይ ሰው የሚያንሸራሽርበት ሞተር ጀልባ ነበረው። ቤንዚንና የዓሣ ለብለብ ሲሸት ያደገ ልጅ የኪያር ጠረን ምን ያደርግለታል? አንድ እሑድ ወንዝ ለወንዝ ስሄድ የጀልባ ጋራዥ አገኘሁ፤ በማግስቱም ፈረቃዬን ቀይሬ እዚያው ተገኘሁ።

ባለቤቱ ኬን የሚባል ወፍራም ሽማግሌ ነበር። ጀልባ ያከራያል፣ ሞተር ይጠግናል። ሲያወራ ጢሙ ውስጥ ሻይ ይቀራል። ሰው ሊቀጥር እንደሚፈልግ ነገረኝና አንድ ሞተር አሳየኝ።

«ይቺን ክንፍ ታያለህ? አሸዋውንም ድንጋዩንም መጀመሪያ የምትነካው እሷ ናት። ቀለም ከለቀቀች ብረቱን ውኃው ይበላዋል። እዚህ ላይ ቀለም ካስያዝክ የትም ታስይዛለህ። እስከ ሰመር መጨረሻ ከያዘልህ ሥራው ያንተ ነው።»

አሠራሩንም ራሱ አስተማረኝ። አሮጌውን ቀለም ፍቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻክር፣ በቲነር እጠብ፣ ለአሉሚኒየም የሚሆነውን ፕራይመር ቀባ፣ ጠብቅ፣ ስስ አድርገህ ቀለሙን ቀባ፣ ደግሞ ጠብቅ። «ከታጠበ በኋላ ማንም እንዳይነካው» አለኝ። የእሱ ሼድ እርጥበት ስለነበረበት ቀለም ተቀብቶ ሳምንት ሙሉ ይጣበቃል። የአክስቴ ኮሪደር ግን ቦይለሩ ስላለበት ይሞቃል። ስለዚህ የሞተሩን የታችኛውን ክፍል ፈትተን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በባስ ወሰድኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የታቀፍኩትን አንድ ሁለቴ አዩና ቦታ ቀየሩ።

ኮሪደሩ ውስጥ በገመድ ሰቀልኩት። የቀለሙ ሽታ ከቁሌቱ ጋር ተደባልቆ ቤቱን ሞላው፤ አክስቴ ግን አንድም ቀን አላማረሩም። የመጀመሪያው ቀለም ውኃ ከገባ በኋላ ወዲያው ተላጠ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ በራሴ ፈረድኩ፤ ሁለተኛውን ረጋ ብዬ ሠራሁት። እሱም ተላጠ፤ ደግሞ በዚያው ቦታ፣ ክንፉ መሃል ላይ። ኬን ራሱን ነቀነቀ። «አንድ እድል እሰጥሃለሁ። ከዚህ በኋላ ግን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። የነገረኝን አንድም አላስቀረሁም፤ ታዲያ ምን በደልኩት?

ሦስተኛውን ፕራይመር ቀብቼ ሥራ በሄድኩበት ቀን ፋብሪካው መብራት ጠፍቶ በጊዜ ለቀቁን። በሩን ከፍቼ ስገባ አክስቴ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከዋል። በግራ እጃቸው የዘይቷን ብልቃጥ ይዘዋል፤ ቀኝ መዳፋቸው ክንፉ ላይ ተጭኗል፣ ዓይናቸው ተከድኗል።

«ጌታ ሆይ፣ ልጅ አልሰጠኸኝም፣ ብሩክን ሰጠኸኝ። ከዚያ በረዶ ቤት አውጣልኝ። ይሄ ቀለም በኢየሱስ ስም ይያዝ!»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። ድምፅ ሳላሰማ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቀለሙን ሁለት ጊዜ ያስለቀቀው ምን እንደሆነ ገባኝ፤ የገባኝ ነገር ግን ለማንም የሚነገር አልነበረም።

ማታ ራት ላይ ዳር ዳር አልኩ። «እትዬ፣ ያ ሰውዬ ብረቱን ማንም እንዳይነካው ብሏል።»

«እኔ መች ነካሁት?» አሉ፣ ወጡን ወደ እኔ እየገፉ። «የዳሰሰው ጌታ ነው።»

ዘይቱ ነው የሚልጠው አላልኳቸውም። ያቺ ዘይት የእሳቸው ሀብት ናት፤ በባዕድ አገር ክፍል ሲያጸዱ ውለው ለእኔ ሊያደርጉልኝ የሚችሉት ትልቁ ነገር እሷ ነበረች። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠርኩ። እሳቸው ሲቀቡ፣ እኔ ከሥራ ስመለስ በቲነር አብሳለሁ። የማብሰው ዘይቱን ነው እንጂ ጸሎቱን አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ አክስቴ ከሥራ በቀጥታ ስትሪትሃም ወደሚገኝ የሴቶች ጸሎት ይሄዳሉ። የመጨረሻውን ቀለም ለዚያ ቀን ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ጠዋት ፕራይመሩን አጠብኩ፣ ዋልኩ፣ ተመለስኩ፣ ቤቱ ባዶ ነው። ማንም አልነካውም ብዬ፣ ሳላብሰው ደስ እያለኝ ቀባሁት። ብሩሼን ሳላስቀምጥ አክስቴ ፊታቸው በርቶ ገቡ።

«ቀባኸው? ተመስገን! እህቶችን ባስ ላሳፍራቸው ብዬ ነው የወጣሁት። ዛሬ እኮ ጸሎቱን እዚህ አዞርነው። ከስትሪትሃም ድረስ ላንተ ብለው መጥተው፣ ሁሉም ዘይቷን ተቀብተው እጃቸውን ጭነውበት ሄዱ!»

ምን ልበል? ኬን ቀለሙ ሲደርቅ ሊወስደው ይመጣል፤ ፍቄ እንደገና ልጀምር ብል ጊዜ የለም። አክስቴ ደግሞ ፊቴ ቆመው መልሴን ይጠብቃሉ። «አሜን» አልኩ።

ሰመር ገባ። ወንዙ ዳር አበባው ፈነዳ፣ ሰው ጀልባ ለመከራየት ተሰለፈ። በየሳምንቱ እየሄድኩ ቼክ አደርግ ነበር። አንድ ቀን ኬን ጠራኝና ሞተሩን ወደ ላይ ሰቀለው። ቀለሙ በጣትና በመዳፍ ቅርጽ ተልጧል፤ አንዱ መዳፍ በሌላው ላይ፣ ትንሹ በትልቁ ላይ።

«የማን እጅ ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው።»

ክንፉን አየ፣ ግዙፍ እጄን አየ። «ስንት እጅ ነው ያለህ አንተ ልጅ?» አለ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ሥራው ለሌላ ሰው ሆነ። ወደ ኪያሬ ተመለስኩ።

ይሄ ሁሉ ግን ማታ ከጠበቀኝ አይብስም። አክስቴ ነገሩን ሲሰሙ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ቀለሙ ርካሽ ነበር አልኳቸው። «ጌታ ለቀለም ይሸነፋል እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እህል አልቀምስ ብለው ጾም ያዙ። ከቀናት በኋላ ጠሩኝና እጄን ያዙኝ።

«ምክንያቱን አገኘሁት ልጄ። እናትህና እኔ ተኳርፈን ነው የሞተችው። ሳልታረቃት። ጌታ እሱን ይዞብኝ ነው፤ ባንተ ላይ ያወጣው የእኔን ኃጢአት ነው።»

እኔ ዘንድ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ብናገራት ያ ሸክም ከላያቸው ይወርዳል፤ ግን ያንን እጅ ዳግመኛ በማንም ላይ አይጭኑትም። «እናቴ ይቅር ብላዎታለች እትዬ» አልኩ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይፈጀዋል።

ኋላ የባስ ሹፌር ሆኜ ከፓርክ ሮያል ወጣሁ። አክስቴ በዚያም አልተጽናኑም፤ ጸሎታቸው ስለዚያ ቀለም ነበርና። አሁን ስትሪትሃም በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናቸው። ወንዙ ዳር በቆምኩ ማግስት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከስተዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው፣ አእምሯቸውም። ሾርባቸውን እያጎረስኳቸው ስለ ልጆቼ ሳወራ አቋረጡኝ።

«ብሩኬ፣ ጌታ ጋ ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ያንን የሞተር ቀለም ለምን እንደከለከለኝ ነው።»

«ይተዉት እትዬ፤ ያለፈ ነገር ነው።»

«አልተወውም። እሱ አይዋሽም፤ ቁርጡን ይነግረኛል» አሉ፤ ሾርባውንም በቃኝ አሉ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን መልሱን ይሰማሉ፤ እኔ ደግሞ አጠገባቸው ሆኜ እጅዎ ምንም አላጠፋም ልላቸው አልችልም። ብዙ የምጸልይ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ጸለይኩ፤ ጌታ ሆይ፣ እባክህን አትንገራቸው ብዬ።