የጣሉትን ሰው የሚያነሡት ጋሽ ኤርሲዶ

ጋሽ ኤርሲዶ ወደ ጌታቸው ሄደዋል። ብዙዎቻችሁ በስልክ ሰምታችኋል፤ ሰምታችሁም መምጣት አልቻላችሁም። በኮሮናው ሎክዳውን ምክንያት ቀብሩ ላይ እንዲቆም የተፈቀደለት ጥቂት ሰው ነው፤ ለቅሶ መቀመጥም ተከልክሏል። ደህና ጊዜ ቢሆን ኖሮ አስከሬናቸውን ወደ ሀገር ቤት እንሸኝ ነበር፤ አውሮፕላኑም ቆሟል። ያረፉት እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው። ስለዚህ በጻካኔ፣ በሜይፌርና በዲፕስሉት ላላችሁ፣ ሀገር ቤት ላሉት ዘመዶቻቸውም፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የምናወራውን በዚህ ወረቀት እነግራችኋለሁ። ረጅም ነገር መናገር አልችልም። የማውቀውን ግን አውቃለሁ።

ጋሽ ኤርሲዶ የሆሳዕና አካባቢ ሰው ነበሩ። ከባለቤቴ ከማቴዎስ ጋር ያደጉት በአንድ መንደር ነው። ቁመታቸው አጭር ነበር፤ አንገታቸው ከትከሻቸው ጋር ተዋህዶ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ማቴዎስ «ኤርሲዶ፣ ጌታ አንተን ሲሠራ አንገት አልቆበት ነበር» ይላቸዋል። እሳቸውም «የሁለታችንን ለአንተ ሰጥቶህ ነው፣ አንተ ቀጭኔ» ይሉታል።

በመንደራቸው ወጣቶች ሜዳ ላይ ትግል ይገጥማሉ። ጀርባው መሬት የነካ ተሸንፏል፤ በዚያው ይበቃል። ከዚያ የጣለው የወደቀውን እጁን ይዞ ያነሣዋል፤ ከጀርባው ላይም አፈሩን ያራግፍለታል። ሳያራግፍ ዘወር ያለ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ማሸነፉን አይቈጥሩለትም። ጋሽ ኤርሲዶ ያደጉት በዚህ ሕግ ነው።

እዚህ ከመጡ በኋላ ጻካኔ ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን የሠፈር ሱቅ ከፈቱ። የሠፈሩ ሰው ሁላችንንም «ማይ ፍሬንድ» እንደሚለን እሳቸውንም እንዲሁ ነበር የሚጠራቸው። እሳቸው ግን የደንበኞቻቸውን ሁሉ ስም ያውቁ ነበር። አሮጊት የበቆሎ ዱቄት ስትገዛ «ጎጎ፣ ከረጢቱ ይቀመጥ፤ እኔ አመጣዋለሁ» ይሏታል፤ ጎጎ አያት ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ የሱቁን የብረት ፍርግርግ ቆልፈው፣ ከረጢቱን በትከሻቸው ተሸክመው እስከ በሯ ያደርሱላታል።

በዚያን ዘመን ከከተማው በስተደቡብ፣ በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ፣ ሕግ የለሽ የሚሉት ውድድር ይደረግ ነበር። ቦክሰኛው፣ ካራቴ የሚሠራው፣ በእግሩ የሚማታው፣ ሁሉም የየራሱን ጥበብ ይዞ ይገባል፤ ማን እንደሚበልጥ ለማየት ነው። ጓንት የለም፤ ሰዓት የለም። የተከለከለው መናከስና ዓይን መውጋት ብቻ ነው። የተሸነፈ ሰው ወለሉን በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ «በቃኝ» ማለቱ ነው። ለስላሳ የሚያከፋፍለው ሾፌር ጋሽ ኤርሲዶና ማቴዎስ ሱቁ ጓሮ ሲታገሉ አይቶ ነበርና የጋሽ ኤርሲዶን ስም አስመዘገበላቸው።

እኔ እንዲህ ያለ ቦታ የምሄድ ሰው አይደለሁም። የጋሽ ኤርሲዶ ባለቤት አልማዝ ግን «ብቻዬን አልገባም፤ አብረሽኝ ገብተሽ ጸልዪ» አለችኝ። ገባሁ፤ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሕዝቡ ገና ሲያያቸው ይጮኽ ጀመር። «ማይ ፍሬንድ! ዳቦና ወተት አምጣልን!» «ማይ ፍሬንድ፣ ሱቁን ለማን ትተኸው መጣህ?»

አልማዝ አዲስ መጥታ ስለነበር ቋንቋው አልገባትም። «ምን ይላሉ?» አለችኝ።

«ዳቦ ይፈልጋሉ። ዝም ብለሽ ጸልዪ።»

የሆነውን ማቴዎስ ነው ኋላ የነገረኝ። መጀመሪያ የገጠማቸው ካራቴ የሚሠራው ነበር፤ እየዘለለ ይራገጣል። ጋሽ ኤርሲዶ እግሩ ሥር ገብተው እንደ ዱቄት ከረጢት አነሡትና አስተኙት። ሰውየው ደንግጦ ወለሉን መታ። እሳቸውም አነሡት፤ አራገፉለት። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ ቦክሰኛው መጣ። ቡጢውን ቀመሱለት፤ ከዚያ አቀፉት። ቦክሰኛ ከታቀፈ በኋላ የሚያደርገው ይጠፋዋል። እሱም ወለሉን መታ፤ እሱንም አነሡት።

ሁለቱም ወለሉን መምታታቸውን ግን ጋሽ ኤርሲዶ አላዩም። እሳቸው የሚያዩት የሰዎቹ ጀርባ መሬት መንካቱን ነበር።

መጨረሻ ላይ ፒት የሚባል ረጅም ነጭ ገጠማቸው፤ በእግሩ የሚማታ ነው። እሱንም ጣሉት። ጀርባው ሲያርፍ የአዳራሹ ወለል ሲናጥ ተሰማኝ። ጋሽ ኤርሲዶ ለቀቁት፤ ቀና አሉ፤ ሊያነሡት እጃቸውን ዘረጉለት። ፒት ከተኛበት በእግሩ መንጋጋቸውን መታቸው።

ዓይኔን የከፈትኩት ያን ጊዜ ነው፤ አዳራሹ ጸጥ ስላለብኝ። ጋሽ ኤርሲዶ በጀርባቸው ተዘርረዋል። ማቴዎስ ዳኛው ላይ ይጮኻል። «ጥሎታል እኮ! ጀርባው ነክቷል!» ዳኛው ግን ማቴዎስ የሚለው አልገባውም።

ስንመለስ፣ ባኪ በሚሏት ፒክአፕ ውስጥ፣ ማቴዎስ መሪውን እንደያዘ ፈነዳ። «ምን ብለህ ነው እጅህን የምትሰጠው? ወለሉን ካልመታ አላለቀም ብለው ነግረውህ የለም እንዴ?»

ጋሽ ኤርሲዶ አገጫቸውን በፎጣ እንደያዙ «የነገሩኝ በእንግሊዝኛ ነዋ» አሉት።

«ካሁን በኋላ ሰው ማንሣት የለም! ሰማህ?»

መንጋጋቸው ሲያገግም አንድ ቀን ቤታችን መጡና ሻይ እየጠጡ እንዲህ አሉት፦ «ማቴዎስ፣ ሕጋቸውን አከብራለሁ፤ ወለሉን እስኪመታ አልለቅም። ከመታ በኋላ ግን አነሣዋለሁ። ካላነሣሁት ምኑን አሸነፍኩት?»

በሌላ ውድድር ከፒት ጋር እንደገና ተገናኙ። ያን ጊዜ አልሄድኩም፤ ቤቴ ሆኜ ጸለይኩ። ጣሉት፤ ያዙት፤ ሰውየው ወለሉን መታ። ዳኛው የጋሽ ኤርሲዶን እጅ ሊያነሣ ሲል እሳቸው እጃቸውን ነጥቀው ጎንበስ አሉ። ፒትን አነሡትና አዙረው ጀርባውን አራገፉለት። ላስቲክ ምንጣፍ ላይ ምን አፈር አለ? ሕዝቡ ሊስቅ ጀምሮ ነበር። ፒት ግን ጀርባውን ሰጥቶ፣ እስኪጨርሱለት ድረስ ዝም ብሎ ቆመ። ያኔ የሚስቀው ሁሉ ተወው ብሎ ማቴዎስ ነግሮኛል። ከዚያ በኋላ ፒት «ያንን እቅፍ አስተምረኝ» እያለ ጻካኔ ይመላለስ ጀመር፤ ወዳጅ ሆኖም ቀረ።

ጉልበታቸው እንቢ ሲላቸው መወዳደሩን አቆሙ። ቅዳሜ ከሰዓት በጸሎት ቤታችን አዳራሽ አሮጌ ፍራሾች ዘርግተው ወጣቶችን ያስተምሩ ጀመር።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። ባለቤቴን ማቴዎስን ዲፕስሉት ሱቁ ውስጥ ዘራፊዎች ተኩሰው ገደሉት። ገዳዮቹ አልተያዙም። ልጃችን ቤንያም ያኔ ትምህርቱን እየጨረሰ ነበር። በአባቱ ቀብር ላይ አላለቀሰም። «አንድ ቀን አገኛቸዋለሁ» አለ። ፊቱ እንደ ድንጋይ ሆነብኝ። ከዚያ ወዲህ የእኔ ጸሎት አንድ ነበር፤ ስለ ሱቅም ስለ መኖሪያ ወረቀትም አልነበረም። ጌታ ሆይ፣ የልጄን እጅ ከደም ጠብቅልኝ እል ነበር።

ጋሽ ኤርሲዶ መጡ። «የቤንያም እናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ስጪኝ» አሉኝ።

«ጋሽ ኤርሲዶ፣ ልጄ ውስጥ እሳት አለ። እርስዎ ደግሞ ክንዱን ሊያጠነክሩለት ነው?»

«ክንዱማ እኔ ባልነካውም መጠንከሩ አይቀርም። ዕድሜው ነው። እኔ የማስተምረው መልቀቅን ነው።»

ጸለይኩበት፤ ከዚያ ሰጠኋቸው።

አንዳንድ ቅዳሜ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አያቸው ነበር። ባልንጀራውን ጥሎ ዝም ብሎ የሚሄድ ካለ «ወዴት ነው? ዕቃ ረሳህ እኮ!» ይሉታል። ሌሎቹ ይስቁበታል፤ ተመልሶ ያነሣል። ቤንያም መጀመሪያ ላይ የጓደኛውን ጀርባ በጥፊ እንደሚማታ ነበር የሚያራግፈው። «አራግፍ ነው ያልኩህ፤ ከበሮ ምታ አልኩህ?» አሉት።

«ጋሼ፣ ፍራሽ ላይ እኮ አፈር የለም።»

«አንተ አራግፍ። የሚረግፈውን እኔ አየዋለሁ።»

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ቤንያም ሥራ ሲጀምርም ቅዳሜን አልተወም። ነገር ግን ስለ አባቱ ገዳዮች ያለውን ቃል መልሶ አልሳበም። እኔም ጸሎቴን አላቆምኩም።

ከዚያ በሽታው መጣ። ከተማው ተዘጋ። ጋሽ ኤርሲዶ ሥራ ለቆመባቸው ቤቶች ዳቦ በፍርግርጉ ቀዳዳ ያቀብሉ ነበር፤ ማስካቸውን አድርገው «ዛሬ ዳቦ ጠያቂዬ በዝቷል፤ መጋዘኑ ትዝ አለኝ» ብለው ያስቁኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እኔና ቤንያም ከማቴዎስ በኋላ ጻካኔ በከፈትነው ሱቅ ውስጥ ነበርን። ደንበኞች ተራርቀው ውጭ ተሰልፈዋል። አንድ ሰው በጓሮ በር ገብቶ ቢላዋ አወጣብኝ። ቤንያም ከኋላው መጥቶ አቀፈው፤ ጎትቶ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ጣለው። ቢላዋው ሲወድቅ በእግሬ የለስላሳ መጠጥ ሣጥን ሥር ገፋሁት። ሰልፉ ፈርሶ ሰዉ ሁሉ ወደ ግቢው ገባ። «ምቡላሌ! ምቡላሌ!» ይላሉ፤ ግደለው ማለታቸው ነው። ድንጋይ ያነሣም ነበር። የቤንያም ክንድ የሰውየው አንገት ላይ ነው። ፊቱን አየሁት፤ በአባቱ ቀብር ቀን ያየሁት ፊት ነበር። ልጮኽ ፈለግሁ፤ ከአፌ የወጣው «ኢየሱስ» የሚለው ስም ብቻ ነው።

የሰውየው እጅ መሬቱን መታ። አውቆ አይመስለኝም፤ ትንፋሽ አጥቶ ነው። መታ መታ አደረገ።

የቤንያም ክንድ ተከፈተ።

ተነሣ። እጁን ዘረጋለት። አነሣው፤ አዞረው፤ ከጀርባው ላይ የጻካኔን ቀይ አፈር በመዳፉ አራገፈለት፤ በቀስታ። ሰውየው የሚመቱት መስሎት ራሱን በክንዱ ከለለ። አንዲት ጎጎ «ማይ ፍሬንድ ሌባውን ሊያጥበው ነው እንዴ?» ብላ ስትስቅ ድንጋይ የያዘውም ጣለው። ቤንያም ከመሬት የሰውየውን ማስክ አነሣና «አድርግ» ብሎ ሰጠው። ፖሊስ እስኪመጣ በእሱና በሕዝቡ መካከል ቆመ። ሰውየው በእግሩ ሄዶ መኪናው ላይ ወጣ። የዚያን ቀን ቤንያም ስለ አባቱ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ለጋሽ ኤርሲዶ ደወልኩ። ሳል ጀምሯቸው ነበር።

«ጋሽ ኤርሲዶ፣ ቤንያም ቢላዋ ያወጣብኝን ሰው ጣለው።»

«ለቀቀው?»

«መሬቱን ሲመታ ለቀቀው።»

«አነሣው?»

«አነሣው።»

ድምፃቸው ቀነሰ። «አራገፈለት?»

«አራገፈለት።»

«ጌታ ይባረክ» አሉ። «ማቴዎስ ቢኖር ‹ምን ብለህ ነው እጅህን የምትሰጠው› እያለ ሲቆጣው ያመሽ ነበር።» ሳቁ፤ ሳቃቸውም ወደ ሳል ተለወጠ። ድምፃቸውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ደግሜ አልሰማሁትም። ሆስፒታል ገቡ፤ ጠያቂ አይገባም ነበር፤ ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ።

በቀብራቸው ቀን ነጭ የበሽታ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሰዎች ወደ መቃብሩ አወረዷቸው። ፒት መጥቶ ነበር፤ ፀጉሩ ሸብቷል። የተፈቀደው ሰው ስለሞላ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ቤንያም መቃብሩ አጠገብ ተንበርክኮ ነበርና ስንወጣ ጉልበቱ በአፈር ተለውሷል። ፒት መራራቁን ረስቶ ቀረበው። ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን አራገፈለት፤ ከዚያ አዞረውና ጀርባውን አራገፈለት። ጀርባው ላይ ምንም አልነበረም።

ጋሽ ኤርሲዶ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄን ከነእሳቱ ተቀብለው በሰላም መልሰውልኛል። ዛሬ የእርስዎም ጀርባ መሬት ነክቷል፤ እኔ ግን በዚህ አልፈራም። ጌታዬ የወደቀውን ትቶ ዘወር እንደማይል አውቃለሁ። በትንሣኤ ቀን እጁን ዘርግቶ ያነሣዎታል፤ እርስዎ ለስንቱ እንዳደረጉት አፈሩን ከጀርባዎ ላይ እሱ ራሱ ያራግፍልዎታል። እስከዚያው ይረፉ፤ ብዙ ሰው ተሸክመዋል። ማቴዎስን ሲያገኙት መቆጣቱ አይቀርምና ያስጨርሱት። ሲጨርስ፣ የልጅህ እጅ ንጹሕ ነው ብለው ይንገሩልኝ።