የደብተራ ቀለመ ወርቅ የብራና ቁልል

ደብተራ ቀለመ ወርቅን የስማዳ ሰው «ክፉ ነው፣ ሰው አያስጠጋም» ይለዋል። ይበል። ክፉ ሆኖ አልተወለደም፤ ያከፋው ሰው ስላለ ነው።

ጃንሆይ ከስደት ከተመለሱ ዐሥር ዓመት አልሞላም። ቀለመ ወርቅ ከወገዳ በላይ ባለች ደብር ያገለግላል፣ የሰው መሬት በእኩል ያርሳል። ልቡ ግን ባሕረ ሐሳብ ላይ ነው፤ ጾም የሚገባበትና ፋሲካ የሚውልበት ቀን የሚወጣበት ስሌት። ሌላው ሁሉ በቃሉ ሲያሰላ መሐል ላይ ይጠፋበታል። እሱ ግን መላ አበጀ። የሚስቱ የፋንቱ አባት ብራና ፋቂ ነበሩና፣ ትርፍራፊውን በልክ በልክ ቆርጣ ሰጠችው።

መላው እንዲህ ነው። አንዱን ቁጥር ቁራጭ ላይ ይጽፍና ያስቀምጣል፤ ሁለተኛውን ከላዩ ይደርባል። አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመተ ፍዳ፣ ከላዩ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሁለት ዓመተ ምሕረት። «ደምር» ሲባል የላይኞቹን ሁለት አንሥቶ ድምሩን በቦታቸው ያኖራል። ከዚያ ላይ ዐሥራ ዘጠኝን ይጭናል፤ «ግደፍ» ሲባል ሁለቱን አንሥቶ፣ በዐሥራ ዘጠኝ እየጣለ፣ የተረፈውን ዐሥራ ሦስትን ያስቀምጣል። ከሥር ያለ ካለ ተራው እስኪደርስ አይነካም። በመጨረሻ አንድ ቁራጭ ብቻ ከቀረ መልሱ እሱ ነው፤ ሁለት ከቀረ ተሳስተሃልና እንደገና ጀምር። ይህን ማበጀት ሦስት ክረምት ፈጀበት።

ይህን ለማን አሳየ? ለደብተራ ተክለ ማርያም። ቤተ ልሔም በሚባለው የድጓ ደብር በአንድ ጎጆ ተምረዋል፣ የለመኑትን ቁራሽ ተካፍለዋል፤ የቀለመ ወርቅ የበኩር ልጅ የደምሌ የክርስትና አባትም ተክለ ማርያም ነው። ተክለ ማርያም ድምፀ መልካም ነው፣ ቁጥር ግን አይሆንለትም። ቀለመ ወርቅን አሳዘነውና አንድ በጋ ሙሉ አስቀምጦ መላውን አስጠናው።

የባሕረ ሐሳቡ መምህር ሲያርፉ ወንበራቸው ባዶ ሆነ። ከወንበሩ ጋር መሬት አለ። ፋንቱማ የት ገብስ፣ የት ባቄላ እንደሚዘሩ ለይታ ጨርሳለች። የደብሩ አለቃ ወልደ ሰንበት ሁለቱን ጓደኞች ለፈተና ደጀ ሰላም ጠሯቸው።

ተክለ ማርያም በዕድሜ ስለሚበልጥ ቀደመ። ከጉያው የብራና ቁራጮች አወጣና እየደራረበ፣ እያነሣ፣ የተጠየቀውን ሁሉ አወጣ። «ሱባዔ ገብቼ የተገለጠልኝ ነው» አለ። አለቃ ተደነቁ።

ቀለመ ወርቅ ጆሮውን አላመነም። «አባቴ፣ ይህ የኔ ሥራ ነው። ያስተማርሁት እኔ ነኝ» አለ።

ተክለ ማርያም እንኳን ሊቆጣ፣ ጭራሽ አዘነለት። «አይቀየሙት አባቴ፣ ወንድሜ ነው። ያስጠናሁት እኔ ነኝ፤ ችግር ይዞት ነው» አለ። ቢሰድበው ይሻል ነበር።

ምስክር የለም፤ የሚስት ቃል አይቆጠርም። እንዲህ ያለ ነገር ባገሩ ደንብ በመሐላ ያልቃል፤ የማለው ያሸንፋል። አለቃ መስቀላቸውን አወጡና «ትምላለህ ወይስ ታስምላለህ?» ሲሉ ቀለመ ወርቅን ጠየቁት።

ምን ነበር እጁን ዘርግቶ ራሱ ቢምል! እውነቱ በእጁ፣ ተራው የሱ። የዋህ ነውና፣ ልጄን ከመጠመቂያው የተቀበለ ሰው መስቀል ይዞ አይዋሽም ብሎ አሰበ። ያፍራል፣ ይቅር በለኝ ይላል፣ አብረን እንበላለን አለ በልቡ።

«እሱ ይማል» አለ።

ተክለ ማርያም ተነሣ፣ መስቀሉን ያዘ፣ ማለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ካስማሉ በኋላ ክርክር የለምና ነገሩ በዚያው አለቀ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጾም የሚገባበትን ቀን የሚያውጀው ተክለ ማርያም ነው። ቀለመ ወርቅ አዋጁን ሰምቶ ቤቱ ይገባና ቁራጮቹን ይደራርባል። አንድ ዓመት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስቶ ቢያገኘው በጉባኤ ሊያዋርደው ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ፈተሸ። ዐሥራ አንዱንም ዓመት ስሌቱ ተክለ ማርያም ያወጀውን ቀን ሰጠው። ምን ያድርግ፤ መላው የራሱ ነው፣ እንከን የለበትም። ፋንቱ «ተወው እንግዲህ» ትለዋለች። እሱም ቁራጮቹን ይሰበስብና ከዳተኛው ባለው ቀን ጾሙን ይይዛል።